የውጭ ዋይፋይ መሣሪያ ሳጥን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ አሮጌውን ሳጥን መፍታት

ሥራው በሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለውን ገመድ አልባ ግንኙነት የሚይዝ ራውተር፣ ከኬብሉ ኃይል የሚለይ ስፕሊተር እና የመብረቅ መከላከያ የሚገቡበት፣ በምሰሶ ላይ የሚታሰር ሳጥን ማዘጋጀት ነው። ቀድሞ የነበረው ሳጥን ከዝናቡ ወራት ወዲህ ግንኙነቱ እየተቆራረጠ በመምጣቱ ወርዷል። አዲሱን ከመምረጤ በፊት አሮጌው በምን እንደተበላሸ ማወቅ ስለነበረብኝ፣ ምንም ሳላጸዳው እንዳለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፈታሁት።

ሳጥኑ ኤቢኤስ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ተራ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ሳጥን ነው። ፀሐይ የሚመታው ፊቱ ቢጫ ሆኗል፤ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያም በጣት ጫን ሲሉት ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ የከረመው ጀርባው ግን እንደ አዲስ ነው። ለአልትራቫዮሌት ጨረር መከላከያ ያልተጨመረበት ኤቢኤስ ውጭ ሲውል የሚሆነው ይኸው ነው። በሁሉም መገጣጠሚያ ላይ፣ በክዳኑ ዙሪያ፣ በኬብሉ መግቢያ፣ በብሎኖቹ ራስ ላይ ሳይቀር ሲሊኮን ተለቅልቋል። እንዲያም ሆኖ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ከሥር ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ ቆሞ የነበረበት መስመር በግልጽ ይታያል። ሲሊኮኑ ያገለገለው የገባው ውሃ እንዳይወጣ ነው።

የአርጄ45ቱን መሰኪያ (የኔትወርክ ኬብሉን ጫፍ) በማጉያ መነጽር ስመለከተው ከስምንቱ ቀጫጭን ስለቶች መካከል 4ኛውና 5ኛው ላይ አረንጓዴ ዝገት ተከምሯል፤ ወርቃማው ቅብ ተላጦ ከሥሩ ያለው መዳብ ግማሹ ተበልቷል። 7ኛውና 8ኛው ከመጥቆር በቀር ብዙም አልተጎዱም። ምክንያቱ በኬብሉ የሚላከው ኃይል ነው። በ24 ቮልት በሚሠራው ተራ ፒኦኢ (በኔትወርክ ኬብል ኃይል መላኪያ ዘዴ) ፖዘቲቩ በ4 እና 5፣ ኔጋቲቩ በ7 እና 8 ይሄዳል፤ በመካከላቸው ቀጭን የውሃ ሽፋን ሲፈጠር ኤሌክትሮሊሲስ ይጀምርና በፖዘቲቩ በኩል ያለው ብረት እየሟሟ ያልቃል። ስለዚህ መሰኪያው እንዲበላሽ ውሃ ውስጥ መስጠም አያስፈልገውም፤ ለረጅም ጊዜ ወርዛ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላም አባባሽ ነገር ነበር። በዕቃ መደርደሪያው ላይ የቀረው የሲሊኮን ቱቦ ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ደግሞ አሲዱ መሄጃ ስለሌለው መዳብ ላይ ያርፋል። ኤሌክትሮኒክስ ባለበት ቦታ ሁሉ ኒውትራል የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲሊኮን መፈለግ ይገባል። ልዩነቱ ቱቦው ላይ በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ ሰው አያየውም።

ሳምንት 2፦ ምን ዓይነት ሳጥን

ገበያ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ አይፒ የሚል ምልክትና ሁለት አኃዝ አላቸው። መለኪያው አይኢሲ 60529 ከተባለው ደረጃ የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አኃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። አይፒ65 በደቂቃ 12.5 ሊትር የሚረጭ ቧንቧን፣ አይፒ66 በደቂቃ 100 ሊትር የሚረጭን፣ አይፒ67 ደግሞ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መጥለቅን የተቋቋመ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር 67 ከ66 የግድ አይበልጥም፤ ፈተናዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ መጥለቅን ያለፈ ሳጥን በኃይል የሚረጭን ውሃ ላያልፍ ይችላል። ምሰሶ ላይ ለሚሰቀል ዕቃ አደጋው ነፋስ የሚገፋው ዝናብ ስለሆነ አይፒ66ን መረጥኩ።

በቁሳቁስ ረገድ ብረትና አሉሚኒየም ጠንካራ ናቸው፤ ነገር ግን ሬዲዮ አያሳልፉም። አንቴናዎቹ ሁሉ ወደ ውጭ እንዲወጡ ያስገድዳሉ፤ እያንዳንዱ አንቴና ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳና አንድ ተጨማሪ ኮኔክተር ነው። ፋይበር ግላስ መልካም ሆኖ ሳለ ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ቆዳንና ሳንባን ስለሚያስቸግር ያለ ጭምብል አይነካም። ስለዚህ ጨረር የሚቋቋም ቀላል ግራጫ ፖሊካርቦኔት ወሰድኩ። ጥቁሩን ሆን ብዬ ተውኩት፤ ሙቀት ከመሳቡም ሌላ ለማጥቆር የሚጨመረው ካርቦን ሲበዛ ሞገዱን ሊያዳክም ይችላል።

ከመግዛቴ በፊት ራውተሩን በባዶ ሳጥን ውስጥና ከሳጥኑ ውጭ እያደረግኩ ከቋሚ ቦታ ላይ ሲግናሉን ለካሁ። ልዩነቱ 1 ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ሰው በአጠገብ ሲያልፍ ከሚታየው መዋዠቅ አይለይም። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር፣ የ5 ጊጋ ኸርዙ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ፕላስቲክ ብዙም አያግዳቸውም።

መጠኑ 300 በ200 በ130 ሚሊ ሜትር ነው። ዕቃዎቹን በወረቀት ላይ ስደረድራቸው ከዚህ ያነሰው ይበቃ ነበር፤ ይሁን እንጂ ኬብል ይታጠፋል፣ መሰኪያ ይነቀላል፣ የሰው እጅም መግባት አለበት። በምሰሶ ጫፍ ላይ መሰላል ይዞ በጠባብ ሳጥን ውስጥ መሰኪያ የፈለገ ሰው ትልቁን ሳጥን ለምን እንዳልገዛ ራሱን ይጠይቃል።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ልጻፍ፦ ሳጥኑ ከወጪው ግማሹን እንኳ አልወሰደም። ግላንዶቹ (ኬብሉ ወደ ሳጥኑ የሚገባባቸው በጎማ የሚያሽጉ መግቢያዎች)፣ የውጭ ኬብሉ፣ የማይዝግ ብረት ማሰሪያውና የመብረቅ መከላከያው ተደምረው ይበልጡታል። በጀት ሲያዝ ሳጥኑን ብቻ ይዞ መነሣት በኋላ ርካሽ ግላንድ ወደ መግዛት ይመራል፤ ውሃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚያው በኩል ነው።

ሳምንት 3፦ ቀዳዳና ግላንድ

ደንቡ ቀላል ነው፦ ቀዳዳ ሁሉ በሥር በኩል ይሁን። በላይና በጎን የሚበሳ ቀዳዳ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢታሸግ ውሃ ቀን ከሌት ያርፍበታል። ጀርባውም አይበሳም፤ የፋብሪካው መስቀያ ጆሮዎች ከታሸገው ክፍል ውጭ የተቀመጡት ለዚሁ ነው። በጀርባ በኩል በገባ አንድ ብሎን ምክንያት ደረጃውን ያጣ ሳጥን ከአንድ በላይ አይቻለሁ።

ፖሊካርቦኔትን በተራ የብረት ፑንታ መብሳት አያስቸግርም፤ ሰፊ ቀዳዳ ሲሆን ግን ፑንታው ድንገት ይነክስና ጠርዙን ይሰነጥቃል። ደረጃ በደረጃ እየሰፋ የሚሄደውን ፑንታ በዝቅተኛ ፍጥነት ተጠቀምኩ። ለኤም20 ግላንድ 20.5 ሚሊ ሜትር፣ ለኤም16 ደግሞ 16.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ጠርዙን በስለት ጠርጌ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ የግላንዱ ጎማ የሚያርፍበት ገጽ ላይ የቀረች ትንሽ ፍርፋሪ የውሃ መንገድ ትሆናለች።

ግላንድ ሲመረጥ መታየት ያለበት የክሩ መጠን ብቻ አይደለም፤ ጎማው ጨምቆ ሊይዝ የሚችለው የኬብል ውፍረት ከምንም ይቀድማል። የውጭ ካት5ኢ የኔትወርክ ኬብል ውፍረት እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር ጀምሮ የሚይዝ ግላንድ ውስጥ ቢገባ ዳዶው እስከ መጨረሻ ቢጠብቅም ኬብሉ ይንሸራተታል። ክፍተቱን በናስትሮ ጠቅልሎ መሙላት የተለመደ መላ ቢሆንም፣ ናስትሮው በሙቀት ይላላና ሙጫው ቀልጦ ይወጣል። ሁለተኛው ጣጣ መሰኪያው ነው፤ አርጄ45 ወደ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በኤም16 ግላንድ አያልፍም። ኬብሉን መጀመሪያ አሳልፎ መሰኪያውን ሳጥን ውስጥ ክሪምፕ ማድረግ (በመቆንጠጫ ጨምቆ መግጠም) ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጎማው በጎን የተሰነጠቀ ግላንድ ይገዛል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ የተሰነጠቀው በተደጋጋሚ ሲከፈት ጎማው ቦታውን ይስታል።

ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ወደታች ተንጠልጥሎ እንዲታጠፍ አደረግኩ፤ በላዩ ላይ የሚወርደው ውሃ ከመታጠፊያው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ግላንዱ አይወጣም። ይህ ግን በኬብሉ ሽፋን ውስጥ ለሚሄድ ውሃ መፍትሔ አይሆንም። የውጭ ሽፋኑ ከላይ በኩል ከተጫረ፣ ውሃ በሽቦዎቹ መካከል እየሰረገ በግላንዱ ውስጥ አልፎ በቀጥታ መሰኪያው ላይ ይወጣል። የአሮጌው ኬብል የቤት ውስጥ ፒቪሲ ሽፋን ስለነበር በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ ከታች ጫፉ ይዤ ስጨምቀው ውሃ ወጣ። በጄል የተሞላ፣ ጥቁር ፖሊኤቲሊን ሽፋን ያለው ኬብል ገዛሁ። ጄሉ እጅ ያጨማልቃል፣ ክሪምፕ ከማድረግ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በጨርቅ መጥረግ ግድ ይላል፤ ሥራው ያሰለቻል እንጂ ዋጋ አለው። ሽቦው ሙሉ መዳብ መሆኑንም ማጣራት ያስፈልጋል፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም የኤሌክትሪክ መቋቋሙ በ1.6 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ ረጅም ኬብል ላይ ቮልቱን ይበላል።

ኃይሉን ከ24 ቮልት ተራ ፒኦኢ 802.3ኤኤፍ ወደተባለው የፒኦኢ ደረጃ ቀየርኩት። ይህ ደረጃ ከምንጩ 15.4 ዋት፣ መሣሪያው ዘንድ ደግሞ 12.95 ዋት ያደርሳል። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ምንጩ በሌላው ጫፍ ትክክለኛ መሣሪያ መኖሩን ሳያረጋግጥ ቮልት አይለቅም። ነቅዬ የተውኩት እርጥብ መሰኪያ እንደ አሮጌው በኤሌክትሮሊሲስ አይበላም ማለት ነው።

ሳምንት 4፦ የውሃ ሙከራ፣ ከዚያም ውሃ

ክዳኑ እኩል መጫኑን ለማየት በጎማው፣ ማለትም በጓርኒሲዮኑ ላይ፣ በየአቅጣጫው ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አስቀምጬ ዘጋሁትና ወረቀቶቹን ሳብኩ። በአንድ ማዕዘን ላይ ወረቀቱ ያለ ችግር ወጣ። ብሎኖቹን በዙሪያ በተርታ ከማጥበቅ ይልቅ በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን እየሄድኩ ጥቂት በጥቂት ሳጠብቃቸው ተስተካከለ። ብሎኖቹ በንዝረት እንዳይላሉ ብሎ የክር ሙጫ መጨመር እዚህ አይመከርም፤ ሙጫው ፖሊካርቦኔትን ያሰነጥቃል።

ከዚያ ሳጥኑን በውስጡ ደረቅ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት አድርጌ ከሁሉም አቅጣጫ በጎማ ቱቦ ውሃ ረጨሁበት። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ዕቃዎቹ ገብተው ምሰሶው ላይ ተሰቀለ፤ እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶችም አብረው ገቡ።

ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ ስከፍተው በሥሩ ላይ ውሃ ተኝቷል። ብዙ አይደለም፤ በመርፌ ስስበው 20 ሚሊ ሊትር ያህል ሆነ። ግላንዶቹ ጥብቅ ናቸው፣ ጓርኒሲዮኑ ላይ ጉዳት አይታይም፣ የኬብሉ ውስጥም ደረቅ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በሌሊት ወደ ውሃነት ተቀይሮ ተጠራቅሞ እንደሆነ ነበር። ሒሳቡ ግን አልገጠመም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙሉ በሙሉ እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ውሃ 23 ግራም ነው። ሳጥኑ ወደ 7 ሊትር አየር ስለሚይዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ሁሉ ወደ ውሃ ቢቀየር እንኳ ከ0.2 ግራም አይበልጥም። ሳጥኑ በቀን ከአየሩ አንድ አሥረኛውን ቢለዋውጥ፣ 20 ግራም ለማጠራቀም ዓመታት ያስፈልጉታል። ስለዚህ የገባው እንፋሎት ሳይሆን ውሃው ራሱ ነው፤ ጥያቄው የቱቦውን ውሃ የመለሰ ሳጥን ዝናብን ለምን አልመለሰም የሚል ሆነ።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ቢኤምኢ280 ሴንሰር ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት ይለካል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። አንዱን ኢኤስፒ32 ከተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ጋር አገናኝቼ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላውን ውጭ ጥላ ሥር አድርጌ በየአሥር ሰከንዱ እንዲመዘግቡ ተውኳቸው። ደረቅ በሆኑ ቀናት ሁለቱ የግፊት መስመሮች ብዙም ሳይራራቁ ሄዱ፤ ሲሞቅ የውስጡ በጥቂቱ ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ አንድ ቀትር ላይ፣ ሳጥኑ 54 ዲግሪ ደርሶ ሳለ ድንገተኛ ዝናብ ጣለ። በደቂቃዎች ውስጥ የውስጡ ሙቀት ወደ 30 ወረደ፤ የውስጡ ግፊት ከውጭው በ60 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ያህል አነሰ፤ ከዚያም መስመሩ ቀስ በቀስ፣ ነገር ግን በማያቋርጥ ሁኔታ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ። ግፊቱ የተመለሰው አንድ ነገር እየገባ ስለሆነ ነው፤ በዚያች ሰዓት ጓርኒሲዮኑንና ግላንዶቹን ከውጭ የከበባቸው ደግሞ ውሃ ነው።

የቁጥሩን ክብደት ለማየት ያህል፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ የሚያሳድረው ግፊት 98 ሄክቶፓስካል ነው። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ሳጥን ከ55 ወደ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የውስጡ ግፊት በ11 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ይህ ከ100 ሄክቶፓስካል ይበልጣል። ይህም አይፒ67 ከሚጠይቀው የ1 ሜትር መጥለቅ ይብሳል ማለት ነው። አይኢሲ 60529 ራሱ በፈተናው ጊዜ የውሃውና የዕቃው ሙቀት ልዩነት ከ5 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያዛል። የእኔም የቱቦ ሙከራ የተደረገው ጥላ ውስጥ በነበረ ቀዝቃዛ ሳጥን ላይ ነው፤ ያለፈውም ለዚህ ነው። የፋብሪካው ምልክት ሐሰት አይደለም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው።

ሙከራውን ደገምኩት፤ በዚህ ጊዜ ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ካሞቅኩት በኋላ ውሃ ረጨሁበት። ወረቀቱ ከክዳኑ ሥር በኩል ረጥቦ ወጣ። ከዚህ በኋላ ማንኛውንም ሳጥን ሳላሞቅ አልሞክርም።

ሳምንት 5፦ መተንፈሻ

ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ይበልጥ ማሸግ ነው፤ ሲሊኮን መጨመር፣ ብሎን ማጥበቅ። የአሮጌው ሳጥን ታሪክ የዚህን መጨረሻ አሳይቶኛል። በተጨማሪም ጓርኒሲዮን ከልክ በላይ ሲጨመቅ ቅርጹን ያጣና ተመልሶ አይነሣም። ሁለተኛው መንገድ ሳጥኑ የግድ ስለሚተነፍስ የሚተነፍስበትን ቦታ እኔ መምረጥ ነው።

ለዚህ የሚሸጠው ዕቃ ኤም12 ክር ያለው፣ በውስጡ ፒቲኤፍኢ ከተባለ የተለጠጠ ፕላስቲክ የተሠራ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) የያዘ መተንፈሻ ነው፤ ጎርቴክስ በተባለው የዝናብ ልብስ ውስጥ ያለው ዓይነት መሆኑ ነው። አየርና እንፋሎት ያሳልፋል፣ ፈሳሽ ውሃ አያሳልፍም። በሥር በኩል፣ ከግላንዶቹ ራቅ አድርጌ ገጠምኩት። ተመሳሳይ ቀትርና ተመሳሳይ ዝናብ ሲመጣ የሁለቱ ሴንሰሮች የግፊት መስመሮች ሊለዩ አልቻሉም።

በዝቅተኛው ማዕዘን ላይ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በሳሁ። ይህችን ቀዳዳ ብዙዎች አይወዷትም፤ ደረጃውን ታፈርሳለች ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። መተንፈሻው ብቻውን በቂ ነው የሚል ክርክርም አለ። እኔ ግን አንድ ቀን በሆነ መንገድ የሚገባው ውሃ መሰኪያዎቹ እስኪደርስ ድረስ እንዲጠራቀም አልፈልግም። ከውስጥ በኩል ቀዳዳዋ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የማይዝግ ሽቦ ወንፊት በኒውትራል ሲሊኮን ለጠፍኩ፤ ምክንያቱ ጉንዳን ነው። ሳጥኑ ሙቅ፣ ደረቅና ጨለማ ስለሆነ ጉንዳን ለጎጆ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

የሲሊካ ጄሉን አወጣሁ። በተዘጋና ብዙም በማይተነፍስ ዕቃ ውስጥ ይሠራል፤ መተንፈሻ ባለው ሳጥን ውስጥ ግን ከውጭ የሚገባውን እርጥበት እየጠጣ በአጭር ጊዜ ይጠግብና ከዚያ በኋላ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። እርጥበቱን የሚቆጣጠረው ራውተሩ ራሱ ነው። 7 ዋት የሚያህል ሙቀት ስለሚሰጥ ሌሊት ላይ የሳጥኑ ውስጥ ከውጭው በጥቂት ዲግሪዎች ይሞቃል። በ20 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አየር ወደ 25 ዲግሪ ቢሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ100 ወደ 74 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ጤዛ ሊፈጠር አይችልም። ይህ የሚሠራው መሣሪያው ሌሊትም በርቶ ካደረ ነው። ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ማታ ማታ የሚጠፋ መሣሪያ ለወርዛ ይጋለጣል።

ሳምንት 6፦ ሙቀት

የግፊቱ ጉዳይ ቢፈታም 54 ዲግሪ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ራውተሩ የቤት ውስጥ ዓይነት በመሆኑ አምራቹ እስከ 40 ዲግሪ ነው የሚፈቅደው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚቀንስ በዘርፉ የታወቀ ግምት ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማስላት ቀላል ነው። በጠራ ሰማይ ቀትር ላይ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት ያርፍበታል። የሳጥኑ ፊት 0.06 ካሬ ሜትር ስለሆነ እስከ 60 ዋት ይደርሰዋል፤ ግራጫው ግማሹን ቢውጥ እንኳ ራውተሩ ከሚሰጠው 7 ዋት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ማራገቢያና የሙቀት ማስወጫ ክንፍ ከማሰብ በፊት ፀሐይዋን ማስቀረት ይቀድማል።

እጄ ላይ የቀረ የአሉሚኒየም ላሜራ ስለነበር ከሱ የጥላ ሰሌዳ ቆርጬ ከሳጥኑ ፊት ለፊት በሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሰቀልኩት። ሙቀቱ በእርግጥ ወረደ፤ ከሱ ጋር ግን በዚያ አቅጣጫ የ2.4 ጊጋ ኸርዙ ሲግናልም በ10 ዲሲቤል ገደማ ወረደ። አንቴናዎቹ በውስጥ ስላሉ ላሜራው እንደ ግድግዳ ቆመባቸው። አሉሚኒየሙን አውርጄ ለማስታወቂያ ሰሌዳ በሚሠራበት ነጭ ፒቪሲ ሉህ ተካሁት። ሉሁ በላይ፣ በፊትና በሁለቱ ጎኖች ይጋርዳል፤ አየር ከሥር ገብቶ በክፍተቱ ውስጥ እየሞቀ ከላይ እንዲወጣ የላይኛው ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ተሰቅሏል። ሲግናሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ውጭው 28 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ላይ የሳጥኑ ውስጥ ከ38 አላለፈም። ዝናብም በቀጥታ ክዳኑን አይመታም፤ ለጓርኒሲዮኑ ይህ ከማንኛውም ማሸጊያ የበለጠ ውለታ ነው።

ሳምንት 7፦ የውጭ አንቴናና ኧርዝ

ከሌላው ሕንፃ ጋር የሚያገናኘው የ5 ጊጋ ኸርዝ አንቴና አቅጣጫ ያለው ስለሆነ ውጭ ይሰቀላል። ኬብሉን በተቻለ መጠን አሳጠርኩት። ኤልኤምአር400 የተባለው ወፍራም ኮአክሲያል (የአንቴና ኬብል) እንኳ በ5.8 ጊጋ ኸርዝ በአንድ ሜትር 0.35 ዲሲቤል ያህል ያጠፋል፤ ቀጫጭኖቹ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያጠፋሉ። ራውተሩን ወደ አንቴናው አስጠግቶ ኤተርኔቱን ማስረዘም ሁልጊዜ ይሻላል፤ ሳጥኑ ምሰሶ ላይ መውጣት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ኮአክሲያሉን ከአንቴናው ጋር የሚያገናኘው ኤን ኮኔክተር ላይ ሦስት ንብርብር ጠቀለልኩ፦ መጀመሪያ ተራ ናስትሮ፣ በላዩ ሲለጠጥ እርስ በርሱ የሚዋሃደው የጎማ ቴፕ፣ በመጨረሻ ደግሞ ጨረር የሚቋቋም ጥቁር ናስትሮ። የመጀመሪያው ናስትሮ የሚያስፈልገው ኮኔክተሩ ወደፊት ሲፈታ ጎማው ከክሩ ጋር ተጣብቆ እንዳያስቸግር ነው። የጎማ ቴፑ ስፋቱ ወደ ግማሽ እስኪጠብ ድረስ ካልተለጠጠ አይዋሃድም። የመጨረሻው ንብርብር ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ የሣር ክዳን ቤት ሲከደን እንደሚደረገው የላይኛው የታችኛውን ደርቦ ውሃውን ወደ ውጭ ይጥለዋል። ከላይ ወደ ታች የተጠቀለለ ናስትሮ በየደርቡ ውሃ ይይዛል።

ለኧርዙ ምሰሶው፣ የአንቴናው ማሰሪያና የመብረቅ መከላከያው በአንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተያይዘው ከሕንፃው ኧርዝ ጋር ተገናኙ። ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ የመብረቅ ግፊት ድንገተኛ ስለሆነ መንገዱን የሚያስቸግረው የሽቦው መታጠፍና መርዘም ነው። ሁለተኛ መከላከያ ኬብሉ ወደ ሕንፃው በሚገባበት ቦታ ገጠምኩ። ይህ ሁሉ በአቅራቢያ ከሚወድቅ መብረቅ የሚመጣውን ግፊት ለማብረድ ነው፤ በቀጥታ ምሰሶውን የሚመታን መብረቅ የሚያቆም ትንሽ መከላከያ የለም።

የአሉሚኒየሙን ምሰሶ የሚያቅፉት ፋሸታዎች የማይዝግ ብረት ናቸው። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው የጎማ ቁራጭ አስገባሁ፤ የኧርዙ ማሰሪያ ብቻ ባዶውን ምሰሶ እንዲነካ ተደርጎ በቅባት ተሸፍኗል።

ከዝናቡ ወራት በኋላ

ሳጥኑን ከፈትኩት። ሥሩ ደረቅ ነው፤ ወረቀቱም እንደገባ አለ። የአርጄ45ቱ ስለቶች በማጉያ መነጽር ሲታዩ ከ4ኛው እስከ 8ኛው አንድ ዓይነት ወርቃማ ናቸው። የሴንሰሩ መዝገብ እንደሚያሳየው የውስጡ አንጻራዊ እርጥበት 90 በመቶን ያለፈው ኃይል ተቋርጦ በነበረባቸው ሌሊቶች ብቻ ነው፤ ኃይሉ በተመለሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወርዷል።

ያላማሩኝ ሁለት ነገሮች አሉ። በከባድ ዝናብ ጊዜ የ5 ጊጋ ኸርዙ ሲግናል 2 ወይም 3 ዲሲቤል ይወርዳል፤ የአንቴናው ፊት ላይ የሚቆየው የውሃ ሽፋን ይመስለኛል፤ አንቴናውን በጥቂቱ ወደታች አዘንብዬ ልሞክር አስቤያለሁ። ሌላው ደግሞ በውሃ መውጫዋ ወንፊት ላይ ከውጭ በኩል ሸረሪት ድሯን ሠርታ አቧራ ስለያዘ ቀዳዳዋ ግማሽ ተደፍኗል። በጥርስ ብሩሽ ጠርጌዋለሁ፤ የጥገና ዝርዝሩ ላይም ከክዳኑ ብሎኖች ቀጥሎ ገብቷል። ሴንሰሩን አላወጣሁትም። በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ሄክቶፓስካል ካለፈ መተንፈሻውም የውሃ መውጫዋም ተደፍነዋል ማለት ስለሆነ መልእክት እንዲልክልኝ አድርጌዋለሁ።